የራግቢ ሊግ ዋንጫ ጨዋታዎች ሜዳ አመራረጥና የተመልካች አሰባሰብ

የራግቢ ሊግ ዋንጫ ጨዋታዎች ሜዳ አመራረጥ ማለት በጥሎ ማለፍ የሚካሄድ አንድ ጨዋታ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ስታዲየምና በየትኛው ቀን እንደሚደረግ የሚወሰንበት አሠራር ነው። ከዚሁ የማይነጠለው ሁለተኛው ሥራ ለተመረጠው ሜዳ ተመልካች ማሰባሰብ ነው። በሊግ ውድድር እያንዳንዱ ክለብ የራሱ ሜዳ፣ የራሱ ቋሚ ደጋፊና ከወራት በፊት የታወቀ መርሐ ግብር አለው። በዋንጫ ውድድር ግን ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚታወቀው እጣ ከወጣ በኋላ ነው። ለፍጻሜ የሚደርሱት ሁለት ቡድኖች ደግሞ የሚለዩት ጨዋታው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ብዙ ጊዜ ስታዲየም የሚከራየው የሚመጡት ደጋፊዎች የየትኛው ከተማ ሰዎች እንደሚሆኑ ሳያውቅ ነው።

በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ያለው የመጀመሪያ ፍጻሜው በ1897 የተካሄደው የእንግሊዝ ቻሌንጅ ካፕ ነው። የውድድሩ ታሪክ እንደሚያሳየው ትልቅ ስታዲየም በራሱ ብዙ ሰው አያመጣም። የመንገዱ ርቀት፣ የጨዋታው ቀን፣ የደጋፊው ኪስና ለዓመታት የተገነባ ልማድ የስታዲየሙን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስናሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

## ስለ ጨዋታውና ስለ ዋንጫው

ራግቢ ሊግ እያንዳንዳቸው 13 ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ሞላላ ኳስ ይዘው በመሮጥ፣ በእጅ በመቀባበልና በእግር በመምታት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል።

ጨዋታው ከራግቢ ዩኒየን የተለየው ኦገስት 29 ቀን 1895 ነው። በዚያ ቀን የላንካሻየርና የዮርክሻየር አካባቢ ክለቦች ተወካዮች በሃደርስፊልድ ከተማ በጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው «ኖርዘርን ዩኒየን» የተባለ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የመለያየቱ ምክንያት ገንዘብ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ አብዛኞቹ ተጫዋቾች የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበሩ ቅዳሜ ለጨዋታ ሲሄዱ የቀን ደመወዛቸው ይቀነስባቸው ነበር። ክለቦቹ ይህን ሊተኩላቸው ፈለጉ፤ የጨዋታው የበላይ አካል ግን ክፍያን ከለከለ።

ይህ አመሠራረት ለሜዳ ምርጫ እስከ ዛሬ ድረስ ትርጉም አለው። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ራግቢ ሊግ ክለቦች የሚገኙት በምዕራብ ከሊቨርፑል አቅራቢያ ጀምሮ በምሥራቅ እስከ ሃል በሚደርስ ጠባብ ቀበቶ ውስጥ ነው። በአሁኑ ጊዜ ይህን አካባቢ የሚያያይዘው ኤም 62 የተባለው ፈጣን መንገድ ነው። ከተሞቹ የተቀራረቡ በመሆናቸው ደጋፊ ከሜዳ ሜዳ መጓዝ አይከብደውም። በአንጻሩ ዋና ከተማው ለንደን ከዚህ ቀበቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የውድድሩ አዘጋጆች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመዝኑት የኖሩት ጥያቄም ከዚህ ይነሳል፤ ዋንጫውን ደጋፊው ባለበት ማጫወት ይሻላል ወይስ ጨዋታው ያልታወቀበት ቦታ ወስዶ ማስተዋወቅ?

## ሜዳው በየዙሩ እንዴት ይወሰናል

በቻሌንጅ ካፕ የሜዳው አወሳሰን እንደ ዙሩ ይለያያል።

* የመጀመሪያ ዙሮች፦ እጣው ራሱ ሜዳውን ይወስናል። በእጣ ስሙ ቀድሞ የወጣው ክለብ በሜዳው ያስተናግዳል። በእነዚህ ዙሮች ትናንሽ የአማተር ክለቦች ጭምር ስለሚሳተፉ ጥቂት መቶ ሰው ብቻ የሚይዝ ሜዳ ያለው ክለብ ትልቅ ክለብ ሊደርሰው ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ትንሹ ክለብ ሜዳው በቂ ባለመሆኑ ወይም የተሻለ ገቢ ለማግኘት ጨዋታው በሌላ ሜዳ እንዲደረግ ይስማማል። እንዲህ ሲያደርግ በሜዳው የመጫወትን ጥቅም በገንዘብ ለወጠ ማለት ነው።
* ግማሽ ፍጻሜ፦ ጨዋታው በተለምዶ የሁለቱም ቡድኖች ባልሆነ ገለልተኛ ሜዳ ይካሄዳል። የሚመረጠው ሜዳ ከሁለቱ ከተሞች በተመጣጣኝ ርቀት ላይ ያለ ቢሆን ይመረጣል። በተለያዩ ዘመናት የሊድሱ ሄዲንግሊ፣ የብራድፎርዱ ኦድሳል፣ የዊጋኑ ሴንትራል ፓርክና የስዊንተኑ ስቴሽን ሮድ ለዚህ አገልግለዋል።
* ፍጻሜ፦ ቦታውና ቀኑ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይወሰናል። ይህም ትኬት መሸጥን፣ የባቡርና የሆቴል ዝግጅትን፣ የቴሌቪዥን ስርጭትን አስቀድሞ ለማቀድ ያስችላል።

ሦስቱም ደረጃዎች የየራሳቸው ችግር አላቸው። የክለቦች የዓመት ትኬት ብዙ ጊዜ የዋንጫ ጨዋታን ስለማይጨምር ደጋፊው ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አለበት። በዚህ የተነሳ በመጀመሪያ ዙሮች አንድ ክለብ በሊጉ ከለመደው ያነሰ ተመልካች ሊገባለት ይችላል። በግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ገለልተኛው ሜዳ ፍትሐዊ ቢሆንም ሁለቱንም ደጋፊዎች እንግዳ ያደርጋቸዋል። ሜዳው ከሁለቱም የራቀ ከሆነ ወንበሮቹ ባዶ ይቀራሉ፤ ለአንዱ የቀረበ ከሆነ ደግሞ ሌላው «አድልዎ ነው» ይላል።

## የመጀመሪያዎቹ ፍጻሜዎች (1897–1928)

የመጀመሪያው ፍጻሜ ኤፕሪል 24 ቀን 1897 በሊድስ ከተማ በሄዲንግሊ ሜዳ ተካሄደ። ባትሊ ሴንት ሄለንስን 10 ለ 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ተመልካቹም 13,492 ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ዓመታት ፍጻሜው በሊድስ፣ በማንቸስተር፣ በሮችዴል፣ በሃደርስፊልድና በሌሎች የሰሜን ከተሞች እየተዘዋወረ ተደረገ። ደጋፊዎች ቅዳሜ ከሰዓት በባቡር ሄደው ማታ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

የዚህ አሠራር ድክመት የታየው ተመልካቹ ሲበዛ ነው። በ1924 ዊጋንና ኦልድሃም በሮችዴል ሲጋጠሙ 41,831 ሰው ገባ። ሕዝቡ ከመመልከቻው አልፎ እስከ መጫወቻው መስመር ድረስ ስለደረሰ ሥርዓት እንዲያስከብሩ ፈረሰኛ ፖሊሶች ገቡ። የዊጋኑ ደቡብ አፍሪካዊ ተጫዋች አቲ ቫን ሂርደን በአንድ የፖሊስ ፈረስ ዙሪያ ሮጦ ትራይ ማስቆጠሩ ከዚያ ቀን የሚነገር ታሪክ ነው። የሰሜኑ ሜዳዎች ለክለብ ጨዋታ የተሠሩ ስለነበሩ የአንድ ቀን ፍጻሜ የሚስበውን ሕዝብ መሸከም እየከበዳቸው መጣ።

## ወደ ለንደን

ዌምብሊ ስታዲየም የተከፈተው በ1923 ነው። የራግቢ ሊግ አስተዳደር ፍጻሜውን ወደዚያ ለመውሰድ ወስኖ ሜይ 4 ቀን 1929 ዊጋንና ዲውስበሪ በለንደን ተጫወቱ። ዊጋን 13 ለ 2 አሸነፈ፤ ተመልካቹ 41,500 ነበር።

ይህ ቁጥር በ1928 በዊጋን ከተማ ለተካሄደው ፍጻሜ ከገባው 33,909 ሰው ይበልጣል። ከአምስት ዓመት በፊት በሮችዴል ከገባው 41,831 ግን በጥቂቱ ያንሳል። ማለትም በጣም የሚሰፋ ስታዲየም በመጀመሪያው ዓመት ከሰሜኑ ሜዳ የበለጠ ሰው አላመጣም። በ1932 ዌምብሊ ሳይገኝ በመቅረቱ ፍጻሜው ወደ ዊጋን ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እንደገና ወደ ለንደን ሄደ።

ለውጡ ፍሬ ያፈራው ቀስ በቀስ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ጉዞ በመገደቡ ፍጻሜው በሰሜን ቆየ፤ ከ1943 እስከ 1945 ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች በየሜዳቸው በደርሶ መልስ ተጫወቱ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ዌምብሊ ሲመለስ 54,730 ሰው ገባ። በ1949 ብራድፎርድ ኖርዘርን ሃሊፋክስን ሲያሸንፍ ተመልካቹ 95,050 ደረሰ። ከመጀመሪያው የለንደን ፍጻሜ እስከዚህ ቁጥር 20 ዓመት ፈጅቷል።

ይህን ተመልካች ያመጣው የጉዞው ልማድ ነበር። በመጠጥ ቤቶች፣ በሥራ ቦታዎችና በክለቦች ሰዎች በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ ለዌምብሊ ጉዞ ያጠራቅሙ ነበር። ልዩ ባቡሮችና አውቶቡሶች ይዘጋጁ ነበር። ለብዙ የሠራተኛ ቤተሰብ ይህ ጉዞ ለንደንን የሚያይበት አጋጣሚ ሆነ። የገዛ ክለባቸው ለፍጻሜ ባይደርስም የክለባቸውን ማሊያ ለብሰው በየዓመቱ የሚሄዱ ደጋፊዎች በረከቱ። አዘጋጁ ተጋጣሚዎቹን ሳያውቅ ስታዲየም መከራየት የቻለው እነዚህ ሰዎች ስላሉ ነው፤ የትኛውም ቡድን ቢደርስ ከሚመጣው ተመልካች ከፊሉ አስቀድሞ የተረጋገጠ ነበር።

## የ1954 ሦስት ጨዋታዎች

የርቀት፣ የቀንና የገንዘብ ሚና በግልጽ የሚታየው በ1954 ነው። በዚያ ዓመት ዋሪንግተንና ሃሊፋክስ በ15 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ተገናኙ።

1. ኤፕሪል 24፣ ዌምብሊ፦ የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ 4 ለ 4 በሆነ አቻ ውጤት ተጠናቀቀ። ተመልካቹ ከ81,000 በላይ ነበር።
2. ሜይ 5፣ ኦድሳል፣ ብራድፎርድ፦ በድጋሚ ጨዋታው ዋሪንግተን 8 ለ 4 አሸነፈ። በይፋ የተመዘገበው ተመልካች 102,569 ነው።
3. ሜይ 8፣ ሜይን ሮድ፣ ማንቸስተር፦ በሊጉ የሻምፒዮና ፍጻሜ ዋሪንግተን 8 ለ 7 አሸነፈ። ተመልካቹ ወደ 36,000 ነበር።

ሁለቱ ቡድኖች አልተለወጡም፤ የሦስቱም ጨዋታዎች ውጤት እስከ መጨረሻው ያልታወቀ ነበር። የተለወጡት ቦታውና ቀኑ ናቸው። ኦድሳል በ1934 የተከፈተ፣ ቀድሞ ድንጋይ ይወጣበት በነበረና ቆሻሻ በተደፋበት ጉድጓድ ውስጥ የተሠራ ሰፊ ሜዳ ነው። ሃሊፋክስ ከብራድፎርድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ይርቃል። ጨዋታው ረቡዕ ማታ ስለነበር ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ መድረስ ይችል ነበር። ለንደን መሄድ ያልቻለውም ሰው ጭምር መጣ። መንገዶቹ በመኪና ተዘጉ፤ ብዙዎች ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ደረሱ። ከፍለው ያልገቡ ሰዎች ስለነበሩ እውነተኛው ቁጥር ከተመዘገበው እንደሚበልጥ በሰፊው ይታመናል። ቁጥሩ በ1999 በአውስትራሊያ እስኪሰበር ድረስ ለራግቢ ሊግ ጨዋታ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

ከሦስት ቀን በኋላ የማንቸስተሩ ጨዋታ ተመልካች ከኦድሳሉ ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ትኬትና ትራንስፖርት መክፈል ለደጋፊው ቀላል እንዳልነበረ ከቁጥሩ መገመት ይቻላል።

## የተመልካች ደህንነት

በኦድሳል የታየው ዓይነት መጨናነቅ ዛሬ አይፈቀድም። ኤፕሪል 1 ቀን 1939 ሳልፎርድና ዊጋን በሮችዴል የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ሲያደርጉ ወደ 40,000 ሰው ገብቶ ነበር፤ በጨዋታው መሃል የአንዱ መመልከቻ ጣሪያ ተደርምሶ ተመልካቾች ተጎድተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች በአብዛኛው ከእግር ኳስ አደጋዎች የተወለዱ ናቸው። በ1971 በግላስጎው ኢብሮክስ ስታዲየም 66 ሰዎች ከሞቱ በኋላ በ1975 የስፖርት ሜዳዎች ደህንነት ሕግ ወጣ። በ1985 በብራድፎርድ ሲቲ እግር ኳስ ክለብ ሜዳ የእንጨት መመልከቻ ተቃጥሎ 56 ሰዎች ሞቱ። ኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየም በተፈጠረው መተፋፈን ደግሞ 97 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የሂልስቦሮው ጨዋታ የእግር ኳስ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፤ በገለልተኛ ሜዳ የተካሄደም ነበር። በገለልተኛ ሜዳ ሁለቱም ደጋፊዎች በሩን፣ መተላለፊያውንና የመቆሚያ ቦታውን በደንብ አያውቁትም። ስለዚህ አቅጣጫ ማሳየትና በሮችን ለሁለቱ ወገኖች መለየት ከክለብ ጨዋታ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከእነዚህ አደጋዎች ወዲህ አንድ ሜዳ ስንት ሰው እንዲያስገባ የሚወሰነው በደህንነት የምስክር ወረቀቱ ነው። ሜዳ ሲመረጥም የወንበሩን ብዛት፣ የመውጫ በሮቹን ስፋት፣ የፖሊስና የአስተናባሪ ቁጥርን፣ ሰው ከጣቢያ እስከ በር የሚሄድበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ዌምብሊም ሙሉ በሙሉ ወደ ወንበር ሲቀየር የሚይዘው ሰው ወደ 80,000 ዝቅ ብሏል። በዚህ ምክንያት እንደ 1985ቱ የዊጋንና የሃል ፍጻሜ 99,801 ሰው የገባበትን ቁጥር ከዛሬው ጋር በቀጥታ ማወዳደር ትክክል አይሆንም።

## ዌምብሊ ሲዘጋ (2000–2006)

አሮጌው ዌምብሊ የመጨረሻውን የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ያስተናገደው በ1999 ነው። አዲሱ 90,000 ወንበር ያለው ስታዲየም እስኪከፈት ድረስ ፍጻሜው በሦስት አገሮች ተዘዋወረ፤ በስኮትላንድ ኤድንበርግ መሪፊልድ፣ በለንደን ትዊክንሃምና በዌልስ ካርዲፍ ሚሌኒየም ስታዲየም። ሦስቱም የራግቢ ዩኒየን ብሔራዊ ሜዳዎች ናቸው።

በእነዚህ ዓመታት የተመልካቹ ቁጥር ከ62,140 (መሪፊልድ፣ 2002) እስከ 74,213 (ካርዲፍ፣ 2005) ነበር። ልዩነቱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ደጋፊው የለመደው ዌምብሊን ቢሆንም ልማዱን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ እንደሚችል ይህ ዘመን አሳይቷል። ካርዲፍ ስታዲየሙ በከተማው መሃል፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ መሆኑ ለቀን ተጓዥ ይመቻል። በ2007 ፍጻሜው ወደ አዲሱ ዌምብሊ ሲመለስ 84,241 ሰው ገባ። የዚያ ዓመት ተሸናፊ የፈረንሳዩ ካታላን ድራገንስ ለፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ያልሆነ ክለብ ነበር።

ይኸው ክለብ በ2018 ዋሪንግተንን 20 ለ 14 አሸንፎ ዋንጫውን ወደ ፔርፒኞን ሲወስድ ግን ተመልካቹ 50,672 ብቻ ነበር። በታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ውጤት ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ቡድን ደጋፊ ባሕር ተሻግሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። በተቃራኒው በ1980 የአንድ ከተማ ልጆች የሆኑት ሃል ኪንግስተን ሮቨርስና ሃል ሲጋጠሙ 95,000 ሰው ዌምብሊ ገብቷል። ያኔ ከሃል በሚወጣው መንገድ ላይ የተሰቀለ አንድ ጽሑፍ ከተማዋን በመጨረሻ የሚለቀው ሰው መብራት እንዲያጠፋ ይጠይቅ ነበር።

## የጨዋታው ቀን

ለብዙ አሥርተ ዓመታት ፍጻሜው የክረምቱ ውድድር በሚያልቅበት በኤፕሪል መጨረሻ ወይም በሜይ ይካሄድ ነበር። በ1996 ከፍተኛው ሊግ ወደ በጋ ወራት ተዛወረ፤ በ2005 ደግሞ የዋንጫው ፍጻሜ ወደ ኦገስት ሄደ። ኦገስት አየሩ የተሻለና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር ነው። ሆኖም ብዙ ቤተሰብ ለዕረፍት ወደ ውጭ የሚሄድበት ጊዜም ነው።

ሌላው ችግር የሊጉ ፍጻሜ ነው። ከ1998 ጀምሮ የሊጉ ሻምፒዮን የሚለይበት «ግራንድ ፋይናል» በአብዛኛው በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ በመጸው ይካሄዳል። ሜዳው ለአብዛኛው ደጋፊ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ቡድኑ ጠንካራ የሆነለት ቤተሰብ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት የለንደንንም የማንቸስተርንም ወጪ መሸፈን ሊከብደው ይችላል። በቅርብ ዓመታት ፍጻሜው ወደ ሜይና ጁን እንዲቀርብ ተደርጓል፤ የ2022ቱ በሜይ፣ የ2024ና የ2025ቱ በጁን ተካሂደዋል።

የቀን ምርጫ ከሌሎች ስፖርቶች ጋርም ይጋጫል። ሜይ 28 ቀን 2022 ዌምብሊ የእግር ኳስ ጨዋታ ስለነበረበት ፍጻሜው በቶተንሃም ሆትስፐር ስታዲየም ተደረገ። ዊጋን ሃደርስፊልድን 16 ለ 14 ሲያሸንፍ 51,628 ሰው ተመልክቷል። ስታዲየሙ ወደ 62,000 የሚጠጋ ሰው ስለሚይዝ በዌምብሊ ብዙ ወንበር ባዶ የሚያስቀር ቁጥር እዚያ ሞቅ ያለ ድባብ መፍጠር ይችላል።

የቴሌቪዥን ጥያቄም ከቀኑ ጋር የተያያዘ ነው።  ስርጭቱ ጨዋታውን ከሰሜን ውጭ ያስተዋወቀ ሲሆን ደጋፊው ቤቱ ሆኖ እንዲያይም ምክንያት ሰጥቷል። በግማሽ ፍጻሜና በመጀመሪያ ዙሮች የጨዋታው ሰዓት ለቴሌቪዥን ተብሎ ሲቀየር ሩቅ የሚጓዘው ደጋፊ ይቸገራል።

## ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት

በገለልተኛ ሜዳ የሚፈጠረውን ባዶ ወንበር ለመቀነስ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ጨዋታዎችን ማጣመር ነው። በ2018 ሁለቱም የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች በአንድ ቀን በቦልተን ስታዲየም ተካሂደው ወደ 26,000 ሰው ተገኝቷል። በዚህ አሠራር የአራት ክለቦች ደጋፊዎች አንድ ስታዲየም ይሞላሉ፤ የስታዲየም ኪራይና የጥበቃ ወጪም አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል። ጉዳቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ጨዋታ የተሸነፈው ወገን ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።

በፍጻሜው ቀንም ተመሳሳይ ነገር ይደረጋል። ከ2019 ጀምሮ ከፍተኛው ሊግ ውስጥ የሌሉ ክለቦች የሚወዳደሩበት «1895 ካፕ» ፍጻሜ ከዋናው ፍጻሜ ጋር በአንድ ቀን ሲካሄድ ቆይቷል። በ2023 የሴቶች ቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዌምብሊ ተደርጎ ሴንት ሄለንስ ሊድስን 22 ለ 8 አሸንፏል። የትምህርት ቤት ልጆች ውድድር ፍጻሜም በዚሁ ሜዳ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹን፣ ዘመዶቹንና የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ይዞ ስለሚመጣ ይህ ተመልካች ለማብዛትም ይረዳል። ከሁሉ በላይ ግን በ11 ወይም በ12 ዓመቱ በዚያ ሜዳ የሮጠ ልጅ በኋላ ልማዱን የሚቀጥል ደጋፊ ሊሆን ይችላል።

## ከዓለም ዋንጫ የተገኘ ልምድ

ተመሳሳይ ጥያቄ በራግቢ ሊግ ዓለም ዋንጫም ተነስቷል። በ2000 ውድድሩ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ሜዳዎች ተበተነ። የእንግሊዝና የአውስትራሊያ የመክፈቻ ጨዋታ ትዊክንሃም ላይ ሲደረግ ከባድ ዝናብ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በፊት በሃትፊልድ በደረሰው የባቡር አደጋ ምክንያትም የባቡር አገልግሎት ተስተጓጉሎ ነበር። የገባው ሰው 33,758 ሲሆን ይህ ከስታዲየሙ አቅም ከግማሽ በታች ነው።

በ2013 ውድድሩ ወደ ብሪታንያ ሲመለስ የተለየ አካሄድ ተከተለ። ታላላቅ ጨዋታዎች በትላልቅ ስታዲየሞች ቢካሄዱም የትናንሽ ቡድኖች ጨዋታ ጨዋታውን ለሚያውቁ ትናንሽ ከተሞች ተሰጠ። ለምሳሌ ፊጂና አየርላንድ በሮችዴል ተጫውተው ወደ 9,000 የሚጠጋ ተመልካች አግኝተዋል። ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። የፊጂ ተጫዋቾች ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ወደ ሮችዴል ሆርኔትስ ክለብ መጥተው በከተማዋ ስለኖሩ ሮችዴል ፊጂን እንደ ራሷ ቡድን ተቀበለቻት። በኦልድ ትራፎርድ የተካሄደው ፍጻሜ ደግሞ 74,468 ሰው በማስገባት ለአገራት የራግቢ ሊግ ጨዋታ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ።

## ዋና ዋና መመዘኛዎች

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ አንድ አዘጋጅ ሜዳ ሲመርጥ የሚያያቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

* መጠን፦ 15,000 ሰው በ20,000 ወንበር ስታዲየም የሞቀ ጨዋታ ይመስላል፤ በ60,000 ወንበር ግን ባዶነት ይሰማል። ትልቁን መጠቀም ግዴታ ከሆነ የላይኛውን ክፍል ዘግቶ ተመልካቹን ወደ ታች ማሰባሰብ የተለመደ ነው።
* ፍትሐዊነት፦ ሁለቱም ወገኖች ተመጣጣኝ መንገድ፣ ተመጣጣኝ የትኬት ብዛትና ዋጋ ሊያገኙ ይገባል።
* መመለሻ፦ ደጋፊው እንዴት እንደሚመጣ ብቻ ሳይሆን ጭማሪ ሰዓት ቢኖር እንኳ በዚያው ምሽት እንዴት እንደሚመለስ መታሰብ አለበት።
* የማስታወቂያ ጊዜ፦ ቦታና ቀን ቀደም ብሎ ሲታወቅ ገለልተኛ ተመልካች ትኬት ይገዛል። የግማሽ ፍጻሜ ሜዳ ዘግይቶ ሲታወቅ የሚመጣው የሁለቱ ክለቦች ቋሚ ደጋፊ ብቻ ነው።
* ዋጋ፦ ትኬቱ ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ ነዳጅ ወይም ባቡር፣ ምግብና አንዳንዴም ማደሪያ ሲጨመር የትኬት ቅናሽ ብቻውን በቂ አይሆንም።
* ተከታታይነት፦ ቦታው በየዓመቱ ሲለዋወጥ ልማድ አይገነባም። ከ1929 እስከ 1949 የታየው እድገት ከአንድ ቦታ ጋር የተያያዘ ነበር።

## የአንዳንድ ፍጻሜዎች የተመልካች ቁጥር

* 1897፣ ሄዲንግሊ (ሊድስ)፦ ባትሊ 10–3 ሴንት ሄለንስ፣ 13,492
* 1924፣ ሮችዴል፦ ዊጋን 21–4 ኦልድሃም፣ 41,831
* 1929፣ ዌምብሊ፦ ዊጋን 13–2 ዲውስበሪ፣ 41,500
* 1949፣ ዌምብሊ፦ ብራድፎርድ ኖርዘርን 12–0 ሃሊፋክስ፣ 95,050
* 1954፣ ኦድሳል (ድጋሚ ጨዋታ)፦ ዋሪንግተን 8–4 ሃሊፋክስ፣ 102,569
* 1980፣ ዌምብሊ፦ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስ 10–5 ሃል፣ 95,000
* 1985፣ ዌምብሊ፦ ዊጋን 28–24 ሃል፣ 99,801
* 2005፣ ካርዲፍ፦ ሃል 25–24 ሊድስ፣ 74,213
* 2007፣ ዌምብሊ፦ ሴንት ሄለንስ 30–8 ካታላን ድራገንስ፣ 84,241
* 2018፣ ዌምብሊ፦ ካታላን ድራገንስ 20–14 ዋሪንግተን፣ 50,672
* 2020፣ ዌምብሊ፦ ሊድስ 17–16 ሳልፎርድ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ተመልካች
* 2022፣ ቶተንሃም ሆትስፐር ስታዲየም፦ ዊጋን 16–14 ሃደርስፊልድ፣ 51,628
* 2024፣ ዌምብሊ፦ ዊጋን 18–8 ዋሪንግተን፣ 64,845
* 2025፣ ዌምብሊ፦ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስ 8–6 ዋሪንግተን፣ 63,278